ከመናኸሪያው እስከ ድልድዩ

ሰው የኖረበትንና የሞተበትን ስፍራ ለልጅ ልጁ ለማስታወቅ ካገኛቸው ብልሃቶች ሁሉ ድንጋይ ማቆምን የመሰለ የለም። ድንጋይ አፍ የለውም፤ የተጻፈበትን ግን ከሰው ዕድሜ አርዝሞ ይጠብቃል። ድንጋይ ባልቆመበት ስፍራ የድንጋዩን ሥራ የሚሠራው ማን እንደ ሆነ ቀድሞ አስቤ አላውቅም ነበር። እንዳስብ ያደረጉኝ ሁለት አጫጭር መንገዶች ናቸው። አንደኛው በኢጣልያ ዋና ከተማ በሮማ፣ ሁለተኛው በአገራችን ምዕራብ ጠረፍ በመተማ ይገኛሉ፤ ሁለቱም ቀስ ብሎ ለሚራመድ ሰው ከግማሽ ሰዓት አይበልጡም።

በ2011 ዓ.ም. ለአጭር ትምህርት ወደ ኢጣልያ ሄጄ ጥቂት ሳምንታት በሮማ ተቀመጥሁ። አንድ እሑድ ቀን ሥራ ፈትቼ ከዋናው የባቡር ጣቢያ ስወጣ ሰውና አውቶቡስ የሚተራመስበት ሰፊ አደባባይ ተቀበለኝ። በግድግዳ ላይ የተጻፈውን ስሙን አነበብሁ፤ ትርጓሜውም «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ማለት ነው። እነዚህ አምስት መቶ እነማን ናቸው ብዬ አብሮኝ የነበረውን ሰው ብጠይቀው የሰጠኝ መልስ በቆምሁበት አደረቀኝ። በጥር ወር 1879 ዓ.ም. ከምጽዋ ወደ ሰሐጢ ሲጓዙ ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የኢጣልያ ወታደሮች ኖረዋል። እኔ በትምህርት ቤት በአንድ መስመር ተምሬ በአንድ መስመር የማስተምረው ጦርነት፣ በሮማ እምብርት የሚሊዮን ሰው መተላለፊያ ስም ሆኖ አገኘሁት።

ከዚያ አደባባይ ጥቂት እንደ ተራመድን፣ የጥንቱ የሮማ ንጉሥ የዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ቤት ፍራሽ አጠገብ፣ በዛፎች መካከል አንድ ሐውልት ቆሟል። ሐውልቱ በመሠረቱ የግብጽ ነው፤ ከፈርዖን ራምሴስ ሁለተኛ ዘመን የመጣ ነው። ጣልያኖች በ1879 ዓ.ም. በባቡር ጣቢያው ፊት ለዶጋሊ ሙታን መታሰቢያ አድርገው አቆሙት፤ ኋላም ወደዚህ ስፍራ አዛወሩት። በእግርጌው የሙታኑ ስም ተቀርጿል። ጎንበስ ብዬ ማንበብ ጀመርሁ። መኰንኑም ተራው ወታደርም በስሙ አለ። በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ ተዘርፎ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የተቀመጠውም በዚሁ በዶጋሊ ሐውልት ሥር ነበር። ዘርአይ ድረስ የአገሩን ምልክት በባዕድ አገር ወድቆ አይቶ የተንበረከከውና ሰይፉን የመዘዘው በዚያው አንበሳ ፊት ነው። አንበሳው ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ዛሬ በአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ፊት ይገኛል።

ያን ጊዜ ልቤ በሁለት ተከፈለ። በአንድ በኩል ኮራሁ፤ እነዚያን ሰዎች ያስቆማቸው የእኛ አባት ጦር ነውና። በሌላ በኩል ግን ቀናሁ። የሰው አገር ሊይዙ መጥተው የሞቱት ወታደሮች እናቶቻቸው ያወጡላቸው ስም በድንጋይ ተቀርጾ ይነበባል፤ አገሩን ሲጠብቅ የወደቀውን የአሉላን ወታደር ስም ግን የት ሄጄ ላንብብ? ይህን ጥያቄ እንደ ያዝሁ ወደ አገሬ ተመለስሁ፤ የዕለት ሥራም መጣና ጥያቄውን አስረሳኝ።

የዕለት ሥራዬ በመተማ ዮሐንስ ከተማ ታሪክ ማስተማር ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ አይከልን ካለፈ በኋላ ደጋው እየቀረ፣ አየሩ እየሞቀ፣ ጤፍና ገብሱ ለማሽላ፣ ለጥጥና ለሰሊጥ ቦታውን እየለቀቀ ይሄዳል። መሬቱ በክረምት እንደ ሊጥ የሚጣበቅ፣ በበጋ እንደ ሸክላ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር ዋልካ ነው። ገንዳ ውኃንና ኮኪትን አልፎ፣ ከጎንደር ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ፣ ከጠረፉ ላይ መተማ ዮሐንስን ያገኛል። የከተማይቱ ስም ራሱ መታሰቢያ ነው። ሆኖም ስም በየቀኑ ሲጠሩት ይለመዳል፤ የተለመደ ነገር ደግሞ አይሰማም። ልጆቻችን «ዮሐንስ» ብለው በአውቶቡስ ሲሳፈሩ ዋጋውን እንጂ ንጉሡን አያስቡም።

በ2015 ዓ.ም. የካቲት 30 ቀን ስለ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሳስተምር፣ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ዝምተኛ ተማሪ እጁን አነሣ።

«መምህር፣ ንጉሡ የወደቁት የት ላይ ነው?»

«እዚሁ መተማ ነው» አልሁት።

«እዚሁ ማለት የት? ቤታችን ያለውኮ እዚሁ ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። በሮማ አምስት መቶ ሰው የሞተበትን ጦርነት አደባባይ በእግሬ አግኝቼ፣ በምኖርበት ከተማ አንድ ንጉሠ ነገሥት የወደቀበትን ስፍራ በእጄ ማመልከት አልቻልሁም። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። «ቅዳሜ ጧት መናኸሪያው ጋ እንገናኝና በእግራችን እንፈልገዋለን» ብዬ ከዕፍረቴ አመለጥሁ።

ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን ነበር። ንጉሡ ያረፉበትም ዕለት መጋቢት 2 ነው፤ ዘመኑ 1881 ዓ.ም.። በመጋቢት የመተማ ፀሐይ ረፋድ ሳይሆን ትከሻ ላይ ትወጣለችና ገና ሳይነጋጋ ተሰበሰብን።

መናኸሪያው ላይ ቆመን በመጀመሪያ የነገርኋቸው ስለ ገበያ ነው፤ መተማ ከጦር ሜዳነቷ በፊት የገበያ አገር ነበረችና። ከደጋው ቡና፣ ሰም፣ የዱር እንስሳ ቆዳ ይወርድባታል፤ ከሱዳን ጨርቅና ብር ይወጣባታል። ሰውም እንደ ዕቃ ተሽጦባታል፤ ይህን መደበቅ ለታሪክ አይበጅም። በከተማይቱ ብዙ ዘመን የተቀመጡትና ገበያዋን ያስተዳድሩ የነበሩት ተክሩር የሚባሉት እስላሞች ናቸው፤ ከዳርፉርና ከዚያም ማዶ ካለው ከምዕራብ አፍሪካ ወደ መካ ሲሄዱና ሲመለሱ በዚህ የቀሩ መንገደኞች ነበሩ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም የዓባይን ምንጭ አይቶ በ1772 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ ሲመለስ በዚሁ በኩል ወደ ስናር ወርዷል። ከተማሪዎቹ አንዲቱ «እንግዲያው ጥንትም የሁሉ አገር ነበረች» አለች። እውነትዋን ነው። መናኸሪያ ስሙ አዲስ ነው እንጂ ሥራው በመተማ የቆየ ነው።

ከዚያ ዋናውን መንገድ ይዘን ወደ ምዕራብ ተራመድን። ሱቆቹ ገና እየተከፈቱ ነበር፤ የፉልና የጥብስ ሽታ ከየቤቱ ይወጣል። እየሄድን ሳለ ጦርነቱ እንዴት እንደ መጣ ነገርኋቸው።

ዐፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. በዐድዋ ከእንግሊዞች ጋር ውል ሲፈራረሙ፣ በሱዳን በመሐዲው ወታደሮች የተከበበው የግብጽ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ለመርዳት ተስማሙ፤ በገላባት የነበረው ጦር ሳይቀር በዚህ መንገድ ወጣ። ንጉሡ በዚህ የድርቡሾችን ጠላትነት አተረፉ፤ እንግሊዞች ግን ጥቂት ሳይቈዩ ጣልያን ምጽዋን ሲይዝ ዝም አሉ። ስለዚህ ንጉሡ በሰሜን ከጣልያን፣ በምዕራብ ከድርቡሽ ጋር በአንድ ጊዜ ተፋጠጡ። በጥር 1880 ዓ.ም. አቡ ዓንጃ የጎጃሙን ንጉሥ የተክለ ሃይማኖትን ጦር ሳር ውኃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ፤ ብዙ ሕዝብም ማረከ። ዐፄ ዮሐንስ በዚያው ዓመት በሰሐጢ ከጣልያን ምሽግ ፊት ቆመው ሳሉ ጦርነት ሳይከፍቱ የተመለሱበት አንዱ ምክንያት ይኸው የጎንደር ጩኸት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለተማሪዎቼ እንዲገባቸው የፈለግሁት ስለ አንድ ደብዳቤ ነበር። ንጉሡ በ1881 ዓ.ም. ወደ መተማ ከመውረዳቸው በፊት ለአቡ ዓንጃ የእርቅ ደብዳቤ ልከው ነበር። የቃሉ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፤ እኔና አንተ ብንዋጋ ድሃው በከንቱ ያልቃል፤ የሁላችን ጠላት ከባሕር ማዶ የሚመጣው አውሮጳዊ ነው፤ እኔን ቢያሸንፍ አንተንም አይምርህም፤ ስለዚህ ብንስማማ ይሻላል። መልሱ ስድብ ሆነ። አቡ ዓንጃም ብዙ ሳይቈይ በበሽታ ሞተና ዘኪ ጡመል ጦሩን ተረከበ። ደብዳቤው ከተጻፈ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በ1898 እ.ኤ.አ.፣ የእንግሊዝ መድፍ ኦምዱርማን ላይ የድርቡሾችን መንግሥት አፈረሰ። የጣልያን ጦርም ከዚያ በፊት ዐድዋ ድረስ ደርሶ ነበር።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር በእሾህ አጥርና በጕድባ የተመሸገችውን ከተማ ሰብሮ ገባ። ድሉ በእጅ ሊገባ ጥቂት ሲቀር ንጉሡ በጥይት ቈሰሉ። ይህ ወሬ በሠራዊቱ መካከል ሲሰማ ያሸነፈው ጦር እንደ ተሸነፈ ሆኖ ተመለሰ። ንጉሡ በማግሥቱ ከማረፋቸው በፊት ራስ መንገሻን ልጃቸው መሆኑን ለመኳንንቱ አስታወቁ። አስከሬናቸውን ወደ ደጋ ይዘው ሲያፈገፍጉ ድርቡሾች በአትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱባቸው፤ አጎታቸው ራስ አርአያ በአስከሬኑ ላይ እንደ ቆሙ ሞቱ። የንጉሡም ራስ ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ።

ይህን ስናገር ከመንገዱ ዳር ከአንድ ትልቅ የኩመር ዛፍ ሥር ደርሰን ነበር። ከጥላው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ንግግሬን ሲያዳምጡ ቈይተው ኖሮ፣ «ምን ጠፍቷችሁ ነው ልጆቼ?» አሉ።

«አባባ፣ ንጉሡ የወደቁበትን ስፍራ ነው የምንፈልገው» አላቸው ያ ዝምተኛ ተማሪ።

ሽማግሌው በትራቸውን ወደ አንድ ወገን ሳያመለክቱ በአየር ላይ አዙረው አዙረው መለሱት። «እኔ እንጃ። ልጅ ሳለሁ አባቴ እዚህ ከከተማው ዳር ማሽላ ያርስ ነበር። ማረሻው ቀለህ ያወጣል፤ አጥንትም ያወጣል። ቀለሁን እኛ ልጆች እንጫወትበታለን። አጥንቱን ግን አባቴ በኩታው እየለቀመ አምጥቶ ከዚህ ከኩመሩ ሥር ይቀብረው ነበር።»

«የማን አጥንት ነው አባባ? የእኛ ነው የድርቡሽ?»

«እሱንማ አባቴም አልጠየቀ። ሰው ነዋ!»

ማንም አልተናገረም። ልጆቹ ቆመውበት የነበረውን መሬት ጎንበስ ብለው አዩ፤ አንዲቱም ሳታስበው እግሯን ሰበሰበች።

መንገዱ ከዚያ በኋላ ወደ ታች ያዘቀዝቃል። የጉምሩኩን ሥፍራ አለፍን፤ ከፊታችን ትንሽዋ ወንዝ፣ በላይዋም ድልድይዋ ታየች። በበጋ አሸዋና ጠጠር ብቻ የሆነችው ይህች ወንዝ በክረምት ካልሆነ በቀር ለፍየል እንኳ የምታሰጋ አይደለችም። ነገር ግን ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት ድንበር ሆናለች። አንድ የነበረው የገበያ አገር ከሁለት ተከፍሎ፣ ወዲህ ማዶ መተማ፣ ወዲያ ማዶ ገላባት ሆነ።

ከድልድዩ አጠገብ ቆመን የገላባትን ኮረብታ ስንመለከት የመጨረሻውን ነገር ነገርኋቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1932 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ፣ ጣልያኖች ከመተማ ተሻግረው ገላባትን ያዙ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ስሊም የሚመራ የሕንድ ብርጌድ ንጋት ላይ ወጋቸው። ኋላ በበርማ ጦርነት የተዋጋውና ከዚያ በኋላ ፊልድ ማርሻል ለመሆን የበቃው ሰው ይኸው ነው። ጦሩ የገላባትን ምሽግ መልሶ ያዘ፤ መተማን ግን መያዝ አልቻለም። ታንኮቹ ከድንጋዩ ላይ ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ ቀሩ፤ የጣልያን አውሮፕላኖችም ከላይ ቦምብ ያወርዱ ነበር፤ ስለዚህ ለቆ ተመለሰ። ጣልያኖች ከመተማ የወጡት በጥር 1933 ዓ.ም. ነው። በዚህች ሸለቆ ግራና ቀኝ ሕንዱ፣ እንግሊዙ፣ ሱዳኑ፣ ጣልያኑ፣ ከጣልያን ጋር የተሰለፈውም አስካሪ ወደቁ። እንግዲህ ሽማግሌው በልጅነታቸው የተጫወቱበት ቀለህ የ1881 ይሁን የ1933 ማን ያውቃል?

ያ ተማሪ ወደ እኔ ቀረብ ብሎ፣ «ስፍራውን አላገኘነውም መምህር» አለኝ።

«አላገኘነውም» አልሁት። ይህን ስል የሐሙስ ዕለቱ ዕፍረት አልተሰማኝም፤ ከመናኸሪያው እስከ ድልድዩ የረገጥነው ሁሉ ስፍራው መሆኑ ገብቶኝ ነበርና።

ሰኞ አንድ ትልቅ ደብተር ገዝቼ ወደ ክፍል ገባሁ። እያንዳንዱ ተማሪ ቤቱ ሄዶ ከዘመዶቹ በመተማ የሞተ፣ ወይም በመተማ ያለፈ ሰው ስም ጠይቆ እንዲመጣ አዘዝሁ። ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን መጡ። ጥቂቶቹ ግን ስም ይዘው መጡ፤ አንዱ ከቋራ የወረደ የቅድመ አያቱን ስም፣ አንዲቱ ከትግራይ ከንጉሡ ጋር ዘምቶ ያልተመለሰ የአያቷን አባት ስም። በሮማ በድንጋይ ያየሁትን በወረቀት መሥራት ጀመርን።

ከዚህ በኋላ ብዙ አልቈየም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ፤ በጥቂት ቀንም ያች የቆምንባት ድልድይ በሰው ተጨናነቀች። ሱዳናውያኑ ሻንጣ የሚጎትት፣ ሕፃን ያዘለ፣ ሽማግሌ የሚደግፍ ሆነው በብዙ ሺሕ ተሻገሩ። ለዓመታት በካርቱም የኖሩ የአገራችን ልጆችም አብረዋቸው ነበሩ።

አንድ ምሽት ከመንገዱ ዳር ቡና ስጠጣ፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ አንድ ጎልማሳ ሱዳናዊ ከአጠገቤ ተቀመጠ። ቡናውን በዝንጅብል አዘዘ፤ «ጀበና» የሚለው ቃል በእነርሱም ቋንቋ ያው ነውና ሻጭዋ ወዲያው ገባት። ከካርቱም ጎረቤቶቹ የተማራት ጥቂት አማርኛ ነበረችው። መምህር መሆኑን ነገረኝ፤ እኔም መምህር መሆኔን ነገርሁት። ከጉልበቴ ላይ ያለው ደብተር ምን እንደ ሆነ ጠየቀኝና አስረዳሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቈየና፣ «ኡስታዝ፣ የአያቴ አባት ከዘኪ ጡመል ጋር ከዚህ መጥቷል፤ አልተመለሰም። የእሱንስ ስም ትጽፋለህ?» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ወዲያው እሺ አልሁት ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ቃጠሎ፣ ወደ ኦምዱርማን የተወሰደው የንጉሥ ራስ በዓይነ ልቡናዬ መጡብኝ። እጄ ከደብተሩ ላይ ቀረ። ሰውየውም ይህን አይቶ ፊቱን ወደ ድልድዩ መለሰ። ኋላ የእነዚያ ሽማግሌ አባት ትዝ አሉኝ፤ ከማሽላ እርሻ አጥንት በኩታ እየለቀሙ ወገኑን ሳይጠይቁ የቀበሩት። ደብተሩን ገልጬ ብዕሩን ሰጠሁት። እርሱ በዐረብኛ ጻፈ፤ እኔ ከሥሩ በፊደላችን ገለበጥሁት።

በማግሥቱ ይህን ለክፍሉ ስነግር ቁጣ ተነሣ። «የጠላት ስም በእኛ ደብተር?» ያሉ ነበሩ። አልተቈጣኋቸውም፤ የእኔም ልብ የጠየቀውን ነውና የጠየቁት። ስለ ሮማው ሐውልት ነገርኋቸው። የዚያ ድንጋይ ጉድለት የራሱን ሙታን ማክበሩ አይደለም፤ ማንም እንዲሁ ያድርግ። ጉድለቱ በዚያው ሜዳ በዚያው ቀን ከአሉላ ወገን የወደቀ የአንድ ሰው ስም እንኳ ያልያዘ መሆኑ ነው። እኔ ከፊቱ ጎንበስ ብዬ የፈለግሁት ያን ነበር፤ አላገኘሁትም። ነገ የዚያ ሱዳናዊ ልጅ በዚህች ከተማ የአባቱን ቅድመ አያት ስም ቢፈልግ እንደ እኔ ባዶ እጁን እንዲመለስ አልፈለግሁም። ያ ዝምተኛ ተማሪ ቀና ብሎ፣ «ንጉሡስ ደብዳቤ የጻፉላቸው ለእነሱ አይደል?» አለ። ክርክሩ በዚህ ቆመ ማለት አልችልም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ስሙን ከደብተሩ ይፋቅ ያለ የለም።

ይህን የምጽፈው ትልቅ ሥራ ሠራሁ ለማለት አይደለም። ሐውልት ማቆም የመንግሥትና የሕዝብ ሥራ ነው፤ ሲቆምም እሰየው ነው። ሐውልት እስኪቆም ድረስ፣ ከቆመም በኋላ ቢሆን፣ ድንጋይ የማይሠራው ሥራ አለ፤ ይኸውም ልጁን በእጁ ይዞ «እዚህ ቁም፤ እዚህ የሆነውን ስማ» ማለት ነው። በየአውራጃው ያላችሁ መምህራን ወንድሞቼና እኅቶቼ ለዚህ በጀት አያስፈልጋችሁም። አንድ ቅዳሜ ጧት፣ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ደብተር ይበቃል። ተማሪያችሁ መልሱን የማታውቁትን ጥያቄ ቢጠይቃችሁ አትፈሩ፤ እኔ በምኖርበት ከተማ መራመድ የጀመርሁት መልስ ባጣሁ ዕለት ነው።

ደብተሩ ገና ግማሹም አልሞላም። በስተመጨረሻው ገጽ አንድ መስመር ክፍት ትቻለሁ፤ ከኩመሩ ሥር ላሉት፣ ስማቸውን ማንም ይዞ ላልመጣላቸው።